ልስኑ ይቆይ፦ በመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቀ የጡብ ግድግዳ እንዴት ይፈተሻል፣ እንዴት ይጠገናል?

በ2017 ዓ.ም መስከረም ላይ የጀመረው የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ መንቀጥቀጥ ለወራት ፋታ አልሰጠም። ከመሬት በታች ቅልጥ ዐለት መንገድ እየከፈተ ሲገፋ፣ ከላይ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ተሰነጠቁ፣ ፈረሱም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ታኅሣሥ 26 መጠኑ 5.7፣ የካቲት 7 ደግሞ 6 ገደማ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ስንቱ ሰው በሌሊት ልብሱ ከፎቅ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ የማየው ነገር ያሳስበኛል። ሰው ግንበኛ ይጠራል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ስንጥቁን በልስን ይሸፍናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ግድግዳው ግን እንደተሰነጠቀ ነው። ልስን ስንጥቅን ከዓይን ይሰውራል እንጂ የተለያዩ ግድግዳዎችን መልሶ አያስርም። የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግድግዳው የሚከፈተው እዚያው የተሸፈነው ቦታ ላይ ነው። መምጣቱ ደግሞ አይቀርም፤ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ላይና ዳር ነው። በ1953 ዓ.ም ግንቦት ላይ በካራ ቆሬ (የአዲስ አበባው ሳይሆን በደሴ መንገድ ላይ ያለችው) አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ በ1961 ዓ.ም መጋቢት ላይ ደግሞ የአፋሯ ሰርዶ ፈርሳለች።

ይህ መመሪያ በሸክላ ጡብ ወይም በብሎኬት የተሠራ፣ መሬት ላይ ያለ ወይም አንድ ፎቅ የተጨመረበት ቤት ላላቸው ሰዎችና ለሚጠግኑላቸው ግንበኞች ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ሕንፃ ያለ መሐንዲስ አንድም ነገር እንዳትነኩ።

ግድግዳው ለምን ተሰነጠቀ?

ጡብ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው። የጣሪያውን ክብደት ዕድሜውን ሙሉ ቁልቁል ሲሸከም ምንም አይለውም። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን መሬቱ መሠረቱን ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጣሪያውና የግድግዳው የላይኛው ክፍል ደግሞ ባሉበት ሊቀሩ ይፈልጋሉ። መሐል ላይ ያለው ጡብ ይጎተታል፣ ይቀደዳል።

አንድ የጫማ ካርቶን አምጡና ክዳኑን አንሥታችሁ ጎኑን በጣት ግፉት፤ ወዲያው ይታጠፋል። ክዳኑን መልሳችሁ ግፉት፤ እምቢ ይላል። የጡብ ቤትም እንደዚሁ ነው። አራቱ ግድግዳዎች በማዕዘን ከተያያዙና ከላይ ዙሪያውን የሚያስራቸው ነገር ካለ ጉልበት ይጋራሉ። ካልተያያዙ ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንደቆመ ሳንቃ ይወዛወዛል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ቢሰነጠቅ እንኳ ውስጡ ያለው እንጨትና ማገር ይይዘዋል፤ ጡብ ግን እኛ ካላሰርነው የሚይዘው የለም። ጥገናውም ይህን ካርቶን መልሶ ካርቶን ማድረግ ነው።

1. ከመግባታችሁ በፊት ዙሩት

ተከታይ መንቀጥቀጦች ይመጣሉና ለመግባት አትቸኩሉ። ቆጣሪው ውጭ ከሆነ ከዚያው መብራቱን አጥፉ። የጋዝ ሽታ ካለ ደግሞ ማብሪያም ማጥፊያም ሳትነኩ፣ ሽታው እስኪወጣ ከቤቱ ራቁ።

ከዚያ ከቤቱ ቁመት ባላነሰ ርቀት ላይ ሆናችሁ ዙሩና ወደ ላይ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው ከላይ ያለው ነው፦ ከጣሪያ በላይ የወጣ ፓራፔት፣ የጭስ መውጫ፣ በሁለቱ የጣሪያ ክንፎች መሐል የተገነባው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ከሞቱት 185 ሰዎች አርባ ያህሉን የገደላቸው ያልታሰረ የጡብ ግድግዳ ነው፤ አብዛኞቹም መንገድ ላይ ሲሄዱ ወይም መኪና ውስጥ ሳሉ ነው የወደቀባቸው። ሕፃናትን ከአጥር ግንብም አርቁ።

በር ድንገት አልከፈት ካለ አታስገድዱት። ከላዩ ያለው ግድግዳ ወርዶ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል፤ በሩም ያን ጊዜ ምሰሶ ሆኗል ማለት ነው።

ዙሩን ስትጨርሱ ቱንቢ ጣሉ። ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው መዝመም ሁለት ሴንቲ ሜትር ካለፈ እኔ ጥገና አልጀምርም፤ መጀመሪያ መሐንዲስ ያየዋል። መሐሉ ሆዱን የነፋ ግድግዳም እንደዚሁ ነው። ቱንቢ ከሌላችሁ አንድ ድንጋይ በሲባጎ አንጠልጥሉ፤ ያው ነው።

2. ስንጥቁን አንብቡት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄ ነው። መዶሻውም ሲሚንቶውም ይቆዩ።

አንዲት እናት ቤታቸውን እንዳይላቸው ጠርተውኝ ነበር። ሳሎን አስገብተው እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ግድግዳ አሳዩኝ፤ ያስፈራል። መዶሻ ይዤ በቀስታ መታ መታ ሳደርገው እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ጥቂት ስፈቀፍቀው ልስኑ ብቻ ከጡቡ ተላቆ ኖሯል፤ ከሥሩ ያለው ጡብ ጤነኛ ነው። "መኝታ ቤቱንስ ልየው እማማ?" አልኳቸው። "ኧረ እዚያ ምንም የለ ልጄ" አሉ። ቁም ሣጥኑን ስናነሣ ማዕዘኑ ላይ ከወለል ጀምሮ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ተገኘ። ታች ላይ ጥፍር አያስገባም፣ ኮርኒሱ ጋ ግን እርሳስ ያስገባል። ያ የውጭው ግድግዳ ከቤቱ ተለይቶ ወደ ጓሮ ሊወድቅ ጀምሮ ነበር። ሌሊት ሌሊት አልጋቸው ያለው ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ስለዚህ ቁም ሣጥን አንሡ፣ መጋረጃ ግለጡ፣ ኮርኒስ ካለም በአንድ በኩል ከፍታችሁ በባትሪ እዩ።

መጀመሪያ አዲስና አሮጌውን ለዩ። አሮጌ ስንጥቅ ውስጡ አቧራ፣ ድር፣ አንዳንዴም የቀድሞ ቀለም አለበት፤ ጠርዙም ደንዝዟል። አዲሱ ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ከሥሩ ወለሉ ላይም ትኩስ ብናኝ ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ቅርጹን እዩ። በሁለት መስኮቶች መሐል ባለው ግድግዳ ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ መንቀጥቀጡ ግድግዳውን ርዝመቱን ይዞ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እንደገፋው ይናገራል፤ እያንዳንዱ ግፊት የኤክሱን አንድ እግር ይሠራል። ስንጥቁ የጡቦቹን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ ከወጣ የተሸነፈው መያዣው ሲሚንቶ ነው። ጡቡን ራሱን ሰንጥቆ ካለፈ ግን ኃይሉ ብርቱ ነበር። በመስኮቶቹ መሐል ካለው ግድግዳ ከላይና ከታች አግድም የሄደ ስንጥቅ ደግሞ ያ ቁራጭ ግድግዳ እየተነሣ ሲቀመጥ እንደነበር ያሳያል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ በጣም የተለመደ ነው፤ ቀጭን ከሆነ አያስደነግጥም።

የሚያስፈራኝ የማዕዘን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች እጅ ለእጅ መያያዛቸውን ትተዋል ማለት ነው። ከላይ እየሰፋ ከሄደ በዚያው ቀን ደግፉት።

ስፋቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የባንክ ካርድ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል። ካርዱ የማይገባበት ስንጥቅ ለልስንና ለቀለም የሚተው ነው፤ ግድግዳው ግን ያልዘመመና ማዕዘኑ ያልተለየ መሆን አለበት። ካርዱ ገብቶ ባለ 6 ፌሮ ብረት (ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር) የማይገባበት በሲሚንቶ ፈሳሽ ይሞላል። ባለ 6 ፌሮ የሚገባበት ግን ሙሌት ብቻውን አይበቃውም፤ ጡብ መቀየርና በሽቦ መረብ ማሰር ይፈልጋል። ባለ 12 ከገባ፣ ወይም የስንጥቁ ሁለት ጠርዞች አንዱ ከሌላው ወደ ውጭ ከወጣ ያ ክፍል ፈርሶ ይገነባል። ስንጥቁን ከውስጥም ከውጭም እዩ፤ በሁለቱም በኩል አንድ ቦታ ላይ ከታየ ግድግዳውን ዘልቆታል።

ከመሄዳችሁ በፊት ጄሶ አድርጉበት። በስንጥቁ ላይ ልስኑን እስከ ጡቡ ድረስ ፋቁና የአውራ ጣት ስፋት ያላት ስስ ጄሶ ስንጥቁን አቋርጣ እንድታልፍ ለጥፉ፤ ቀኑንም ጻፉባት። ጄሶ ስለማይለጠጥ ግድግዳው ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ትሰበራለች። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተሰበረች ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ እየሄደ ያለ ግድግዳ ደግሞ አይጠገንም፣ ይደገፋል እንጂ። የሁሉንም ፎቶ አንሡ፣ በፎቶው ውስጥ ሜትር ወይም ሳንቲም አስገቡ። ተከራይ ከሆናችሁ ይህ ፎቶ ከአከራይ ጋር ስትነጋገሩ ይረዳችኋል።

3. ይጠገናል ወይስ ይፈርሳል?

ጥገናን የሚከለክሉ ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ልመና አይሰሙም። የመሬቱ ስንጥቅ በቤቱ ሥር ካለፈ ግድግዳውን መጠገን ብር መበተን ነው፤ በፈንታሌ አካባቢ መሬት ራሱ ተሰንጥቆ አይተናል። ማዕዘን ተንዶ ከሆነ፣ የጣሪያው እንጨት ወይም ሶሌታው (የአርማታ ጣሪያው) ከተቀመጠበት ግድግዳ ላይ ተንሸራቶ ከሆነ፣ የኮለኑ (የምሰሶው) አርማታ ደቅቆ የታጠፈ ፌሮ ከታየ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ሳያይ ማንም አይመለስ።

የሰው ሐሳብ እዚህ ላይ ሲከፋፈል አይቻለሁ፤ ጎረቤት "ምንም አይደል፣ የኔም ተሰንጥቋል" ይላል። የጎረቤት ቤት የእናንተን ግድግዳ አይሸከምም።

4. ደግፉ

ጡብ ከመንካታችሁ በፊት ግድግዳውም ጣሪያውም ይደገፍ። ለግድግዳው ጠንካራ አጠና ወስዳችሁ ከግድግዳው ቁመት ሁለት ሦስተኛ ላይ፣ ከመሬት ጋር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ማዕዘን አስደግፉ። ከላይ ወፍራም ጣውላ ግድግዳው ላይ ተኝቶ ግፊቱን ያከፋፍል፤ ከታች ደግሞ አጠናው እንዳይንሸራተት መሬት ውስጥ በተመታ ችካልና በጣውላ ይያዝ። ማጠንከሪያው ሽብልቅ ነው፤ በሁለቱም በኩል ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ግድግዳውን ለመመለስ ብላችሁ አትግፉ። የዘመመ ግድግዳ በጉልበት አይቀናም፤ ይሰበራል።

መስኮትና በር ላይ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ክፍቱን በሞራሌ ሙሉት። ጣሪያውን ከውስጥ በቋሚ አጠና ተሸከሙለት።

5. ቡኮው

ለጥገና የሚሆን ቡኮ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ነው። አሸዋውን ፈትሹት፦ በብርጭቆ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላዩ ውሃ አድርጋችሁ በደንብ ናጡና አስቀምጡት። ከአሸዋው ላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከቆመ አሸዋው ይታጠብ፤ ጭቃ ያለበት ቡኮ ጡብን አይዝም። ውሃ ከነካው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱት፤ ደርቆ ሲያስቸግር ውሃ ጨምሮ ማለሳለስ ግንበኞቻችን የለመዱት መጥፎ ነገር ነው።

ቤቱ በጣም አሮጌ ከሆነና ጡቦቹ የተያያዙት በኖራ ወይም በጭቃ ከሆነ ጠንካራ የሲሚንቶ ቡኮ ብቻውን አይስማማውም። ጠንካራው ጥፍጥፍ ለስላሳውን ግድግዳ ዳር ዳሩን ይሰብረዋል። ለእንደዚህ ያለ ግድግዳ ኖራ የተቀላቀለበት ቡኮ ተጠቀሙ።

6. ካርድ የሚገባበት ስንጥቅ

በስንጥቁ ግራና ቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ልስኑን አንሡ። መሮውን በቀስታ ተጠቀሙ፤ ጡቡን የሚያናጋ ምት ስንጥቁን ያስረዝመዋል። አቧራውን በብሩሽ፣ ከዚያ በውሃ አውጡ። ጡብ ውሃ ይጠማል፤ ደረቅ ከሆነ የምታፈሱትን ሲሚንቶ ውሃ ጠጥቶ ያደርቀዋል፣ ፈሳሹም ሩቅ ሳይሄድ ይቆማል። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት በደንብ አርጥቡት።

እርጥበቱ ሳይጠፋ በስንጥቁ ላይ በየ20 እና 30 ሴንቲ ሜትሩ የጣት ያህል ጥልቀት ያላት ቀዳዳ ሠርታችሁ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ትከሉበት። በቱቦዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ከፊትም ከኋላም በቡኮ ድፈኑና አንድ ቀን አሳድሩት። ያልደፈናችሁት ቀዳዳ ካለ ነገ ሲሚንቶው ሁሉ በዚያ ያመልጣል።

በማግስቱ ፈሳሹን አዘጋጁ። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 እስከ 30 ሊትር ውሃ ይበቃል። ሲሚንቶውን ውሃው ላይ እየበተናችሁ አማስሉ፤ በወንፊት አጥልሉት። ውፍረቱ ምጣድ ላይ ሊሰፋ እንደተዘጋጀ የእንጀራ ሊጥ መሆን አለበት፦ ያለ ችግር ይፈሳል፣ ግን እንደ ውሃ አይበተንም። እስክትጨርሱ ማማሰሉን አታቁሙ፤ ሲሚንቶው ከሥር ይዘቅጣል።

ማሽን ካልተገኘ ጀሪካን ይበቃል። ከታቹ ቱቦ የተገጠመለትን ጀሪካን ከስንጥቁ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ የፈሳሹ የራሱ ክብደት ይገፋዋል። ይህ ግፊት ትንሽ ነው፣ መሆንም ያለበት ትንሽ ነው። ኮምፕረሰር አምጥተው በኃይል ሲገፉ የተሰነጠቀው ጡብ ተፈንቅሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ሥራው የሚጀምረው ከታችኛው ቱቦ ነው። ፈሳሹ ከሱ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ሲወጣ ካያችሁ የታችኛውን በእንጨት ቡሽ ዝጉና ወደ ላይ ተሻገሩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ ግድግዳው የተሞላ መስሎ ሆዱ ባዶ ይቀራል። አንዱ ቱቦ ከገመታችሁት በላይ ብዙ ከጠጣ ቁሙና ግድግዳውን ከኋላው እዩ።

በሁለተኛው ቀን ቱቦዎቹን ቁረጡና እንደገና መታ መታ አድርጉ። ድምፁ የደነደነ ከሆነ ሞልቷል፤ ባዶ ከጮኸ እዚያው ቦታ ላይ በአዲስ ቀዳዳ ድገሙት።

7. ፌሮ የሚገባበት ስንጥቅ

እዚህ ላይ የተሰበረው ጡብ ይወጣል። ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አታውጡ፤ ከታች ጀምራችሁ ሦስት አራት ጡብ አውጡ፣ ተኩ፣ ሲይዝ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። አዲሱ ጡብ ባልዲ ውስጥ ይንከር፤ አረፋ ማውጣት ሲያቆም ጠግቧል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቢያንስ አንድ ጡብ ጤነኛው ውስጥ ገብቶ መያያዝ አለበት። ከላይ ያለው የመጨረሻ መጋጠሚያ በቡኮ በደንብ ይጠቅጠቅ፤ ያ ክፍተት ከቀረ አዲሱ ጡብ ከላይ ያለውን ሸክም አይቀበልም።

ከዚያ የሽቦ መረብ። የዶሮ ሽቦ አይሆንም፣ ስትጎትቱት ይለጠጣል። ሽቦው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ክፍተቱ አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በብየዳ የተያያዘ መረብ ይገዛ። ከስንጥቁ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፤ በግድግዳው በሁለቱም ፊት ይሁን። ግድግዳውን ዘልቃችሁ በየ40 እና 50 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ በመብሳት ባለ 6 ፌሮ አሳልፉና በሁለቱም በኩል መረቡ ላይ ቆልምሙት፤ የፊቱና የኋላው መረብ ጡቡን በመሐል የሚይዙት በዚህ ነው። መረቡ ከጡቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ቡኮው ከኋላው እንዲገባ። ልስኑ በሁለት ንጣፍ ይደረግ፣ ድምሩ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ልስን አሁን ሥራ አለው፤ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ግድግዳውንም ያጠነክራል።

8. ማዕዘኑ

የተለየ ማዕዘን በመሙላት ብቻ አይመለስም። በየ50 እና 60 ሴንቲ ሜትሩ ከፍታ የጡቦቹን አግድም መጋጠሚያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ፈልፍሉና ባለ 8 ፌሮ ማዕዘኑን ዞሮ በሁለቱም ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ሜትር እንዲሄድ አድርጋችሁ ቅበሩ። አርጥቡት፣ በቡኮ ጠቅጥቁት። በላዩ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ማዕዘኑን የሚዞር የሽቦ መረብ ጨምሩ፣ ከውስጥም ከውጭም። የእናቲቱን መኝታ ቤት ያሰርነው እንዲህ ነው።

9. ቀበቶው

ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ለዚህ አውሉት። የካርቶኑ ክዳን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 8ኛ ክፍል ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚናገር ነበር፤ ብዙ ቤቶቻችን ግን ከዚያ በፊት ወይም ያለ እሱ የተሠሩ ናቸው፤ ከግድግዳቸው በላይ ዙሪያውን የሚያስር ታይ ቢም የላቸውም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና የሚነሣ ከሆነ፣ በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የማይቋረጥ የአርማታ ቢም ይፈሰስ፦ አራት ባለ 10 ወይም ባለ 12 ፌሮ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ባለ 6 ስታፋ (አራቱን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፍ ቀለበት)። ማዕዘን ላይ ፌሮው ተቆርጦ አይቁም፤ ታጥፎ ወደ ሌላው ግድግዳ ቢያንስ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ይግባ። የጣሪያውም እንጨት ከቢሙ በወጣ ብረት ይታሰር፤ በሚስማር ብቻ የተቀመጠ ጣሪያ ክዳን አይሆንም።

ጣሪያውን ማንሣት ካልተቻለ ስፋቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ መረብ ከበርና ከመስኮት በላይ፣ አንድም ከጣሪያው ሥር ቤቱን ዙሪያውን ይዙር፤ በሁለቱም ፊት፣ በክፍል 7 እንደተባለው ግድግዳውን ዘልቆ እየታሰረ። መረብ ሲቀጠል አንዱ በሌላው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይደረብ። ዙሩ ሳይገጥም ከቀረ ቀበቶ አይባልም።

የአርማታ ኮለን ላለው ቤት

ኮንዶሚኒየምና አዳዲስ ቤቶች ሸክማቸው በኮለንና በቢም ላይ ነው፤ ብሎኬቱ መሙያ ነው። እዚያ ላይ በብሎኬቱና በኮለኑ መጋጠሚያ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ በጣም ያጋጥማል፤ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚወዛወዙ ነው። ቤቱ ይወድቃል ማለት አይደለም። ግን ያ የተለቀቀ ብሎኬት በሙሉ ቁመቱ ወደ ክፍሉ ሊወድቅ ይችላል። ሕንፃው ከአንድ ፎቅ በላይ ከሆነ መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው፤ ከዚያ ክፍተቱን አጽዱ፣ ኮለኑ ውስጥ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥታችሁ አጭር ፌሮ ትከሉና በብሎኬቱ መጋጠሚያ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ መጋጠሚያውን በመረብ ልስኑ። ኮለኑን ወይም ቢሙን ራሱን አቋርጦ የሄደ ስንጥቅ ከሆነ ግን ማንም አይነካው፤ ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አሳውቁና መሐንዲስ አስመጡ።

ከላይ ያለውን አውርዱ

ለማሰር የማይመች ፓራፔት ይቀነስ። የጡብ ጭስ መውጫ ካለ በቆርቆሮ ቱቦ ይተካ። ግድግዳ አናት ላይ የተቀመጠ የውሃ ሮቶ ካለ መሬት ላይ ወደሚቆም የብረት መቀመጫ ይውረድ፤ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፣ ቤቱ ሲወዛወዝ ደግሞ አናቱ ላይ ይዋኛል። ቁም ሣጥንና የዕቃ መደርደሪያ በብረት ማጠፊያ ከግድግዳው ጋር ይያዝ፣ አልጋም ከሥራቸው ይነሣ።

ማጠጣትና ድጋፍ ማንሣት

የተጠገነውን ሁሉ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ ሰባት ቀን ጧትና ማታ አጠጡ። አዋሽ አካባቢ ባለው ሙቀት ቀትር ላይም ይጨመር፤ ጆንያው ደርቆ ካገኛችሁት ሲሚንቶውም ተጠምቷል።

አጠናውን በሰባተኛው ቀን አታንሡ። ለግድግዳ ሁለት ሳምንት፣ ለአዲስ የአርማታ ቢም አራት ሳምንት ጠብቁ። ስታነሡም ሽብልቁን በጥቂቱ ፈታ አድርጉት፣ አንድ ቀን እደሩ፣ ጄሶዋን እዩ። በተጠገነው ቦታ ላይ አዲስ ጄሶ ለጥፋችሁ ቀን ጻፉባት፣ ቀለም ስትቀቡም እሷን አትሸፍኗት። ከሚቀጥለው መንቀጥቀጥ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ መጀመሪያ የምታዩት እሷን ነው።